መጥሪያው አንገታቸው ላይ እያለ ለምን አይጫኑትም?

በእንግሊዟ ካምብሪጅ ከተማ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት በላይ የሆኑ 110 ሰዎችን ተመራማሪዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንደሚለው 60 በመቶዎቹ በዚያ ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ከወደቁት 80 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዴ በራሳቸው መነሳት አቅቷቸዋል፤ 30 በመቶዎቹ ደግሞ ወለል ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይተዋል። ብዙዎቹ እርዳታ የሚጠሩበት መሣሪያ ነበራቸው። ይሁንና መሣሪያው እያላቸው፣ ብቻቸውን ሳሉ ከወደቁባቸው አጋጣሚዎች በ80 በመቶው አልተጠቀሙበትም።

ዛሬ አረጋውያን በገዛ ቤታቸው እንዲኖሩ ይረዳሉ የሚባሉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። መውደቅን የሚያውቅ ሰዓት አለ፤ መድኃኒት የሚያስታውስ ሣጥን አለ፤ በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር አለ። ይህ ጽሑፍ ከሁሉም ቀላሉንና ረጅም ዕድሜ ያለውን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የአደጋ መጥሪያ ይዞ ይነሳል። አንድ መሣሪያ አረጋዊ ቤት ገብቶ ለምን እንደሚሠራ፣ ወይም ለምን መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር እሱ ላይ በደንብ ስለሚታይ ነው።

ወለል ላይ የሚያልፈው ሰዓት

በስተርጅና መውደቅ የተለመደ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ በየዓመቱ ይወድቃል፤ ይህንን ለሐኪማቸው የሚነግሩት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ብዙዎቹም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው።

ሰው ወደቀ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን የአጥንት ስብራት ነው። ምንም ሳይሰበሩ የወደቁ ሰውም ቢሆኑ መነሳት አቅቷቸው በቆዩ ቁጥር ሌላ ጣጣ ይከተላል። ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል፣ ፈሳሽ ያልቅባቸዋል፣ በአንድ ጎን የተጫነው ቆዳ ይቆስላል። ለረጅም ጊዜ የተጨቆነ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ያውካል። ሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል።

በ1996 የወጣ የሳን ፍራንሲስኮ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ጥናቱ ቤታቸው ውስጥ ረዳት አጥተው ወይም ሞተው የተገኙ 367 ሰዎችን የመረመረ ነው። ከ72 ሰዓት በላይ ያለ ረዳት እንደቆዩ ከተገመቱት 67 በመቶዎቹ ሞተዋል። ከአንድ ሰዓት በታች ከቆዩት መካከል የሞቱት ግን 12 በመቶ ብቻ ናቸው።

የመጥሪያው ጥቅም ከዚህ ይመነጫል። መጥሪያ መውደቅን አይከለክልም፤ ተወድቆ የሚቆይበትን ጊዜ ግን ያሳጥራል። ጠዋት ወድቀው ማታ ልጅ ከሥራ ስትመለስ በመገኘትና ጎረቤት በሩብ ሰዓት ውስጥ ደርሶ በማንሳቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት በመመለስና ባለመመለስ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

እንዴት ነው የሚሠራው?

አገልግሎቱ የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያው አንድሩ ዲብነር ላይፍላይን የተባለውን አገልግሎት አቋቋመ፤ በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥም ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሯል። አሠራሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም።

ሳሎን ውስጥ ከመብራትና ከስልክ መስመር ጋር የተያያዘ ሣጥን ይቀመጣል። ባለቤቱ አንገታቸው ላይ ወይም እጃቸው ላይ ትንሽ መጥሪያ ያደርጋሉ። ሲጫኑት መጥሪያው ለሣጥኑ የሬዲዮ ምልክት ይልካል። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ አገልግሎት የተለየ የሬዲዮ ሞገድ አለ፤ 869 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ሣጥኑ ምልክቱን ሲቀበል ቀንም ሆነ ሌሊት ሰው ወደማይለየው ማዕከል ይደውላል። እዚያ ያለው ኦፕሬተር ፊት የደዋዩ ስምና አድራሻ፣ ያለባቸው ሕመም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የቤታቸው ቁልፍ ያለው ጎረቤት ስልክ ይመጣል። ከዚያ በሣጥኑ ድምፅ ማጉያ ያነጋግራቸዋል፤ ስልክ አንስተው ጆሯቸው ላይ ማድረግ አይጠበቅባቸውም። መልስ ከሌለ ጎረቤት ወይም አምቡላንስ ይላካል። በር ተሰብሮ እንዳይገባም ብዙ ቤቶች ደጃፍ ላይ በሚስጥር ቁጥር የሚከፈት የቁልፍ ማስቀመጫ ሣጥን ይሰቀላል።

አዲሶቹ መጥሪያዎች ሲም ካርድና ጂፒኤስ ስላላቸው ከቤት ውጭም ያገለግላሉ። ብዙዎቹ ውኃ አያስገቡም፤ መታጠቢያ ቤት ወለሉ የሚያንሸራትት ስለሆነ መጥሪያው ከአንገት መውረድ የሌለበት በተለይ እዚያ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ገላቸውን ሲታጠቡ ያወልቁታል።

በሦስት ቦታ የሚሰናከል ነገር

የካምብሪጆቹ ተመራማሪዎች መጥሪያው የማይሠራባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝሩ ነገሩ በሦስት ደረጃ እንደሚሰናከል አይተዋል።

የመጀመሪያው ከመነሻው ነው፤ ሰውየው መጥሪያው ለእሳቸው የሚረባ ነገር መሆኑ አይታያቸውም። «ይህ ለሽማግሌ ነው» የሚሉት የ85 ዓመት አዛውንት እየቀለዱ ላይሆን ይችላል። መጥሪያ አንገት ላይ ማንጠልጠል «እኔ ብቻዬን አልችልም» ብሎ ለእንግዳ ሁሉ መንገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ይህን ስሜት የሻጮቹ ማስታወቂያም አባብሶታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረ አንድ የመጥሪያ ማስታወቂያ ወድቀው መነሳት ያቃታቸውን አሮጊት ያሳይ ነበር። የአሮጊቷ ንግግር የአገሬው መቀለጃ ሆኖ ለዓመታት ቆየ። መቀለጃ የሆነን ዕቃ ደግሞ ማንም ሰው በኩራት አያጠልቅም።

ሁለተኛው መሰናክል መጥሪያው ቤት ከገባ በኋላ ይመጣል። መሣሪያው ተገዝቷል፣ ተገጥሟል፤ ማጥለቁ ግን ልማድ አልሆነም። ወላጅ ያለው ሁሉ እንዲህ ያለውን ንግግር ያውቀዋል።

«እማዬ፣ መጥሪያሽስ የታል?»

«መኝታ ቤት ሰቅዬዋለሁ ልጄ። እንዳይበላሽ ብዬ።»

ልጅ ያመጣችውን ውድ ዕቃ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከእናቶቻችን የምናውቀው ፍቅር ነው። ለመጥሪያ ሲሆን ግን ጉዳት አለው፤ መኝታ ቤት የተሰቀለ መጥሪያ ኩሽና ለወደቀ ሰው አይደርስም።

ሦስተኛው መሰናክል የሚመጣው በመውደቁ ሰዓት ነው። አንዳንዶች ሊጫኑት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እጅ ከሰውነት ሥር ይቀበራል፣ ጣት አልታዘዝ ይላል፣ አእምሮ ይደናገራል። ሌሎች ግን እያወቁ፣ አስበውበት አይጫኑትም። በራሴ እነሳለሁ ይላሉ፤ በእኩለ ሌሊት ሰው ማስቸገር ይከብዳቸዋል። ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። አምቡላንስ ከመጣ ሆስፒታል አለ፤ ከሆስፒታል በኋላ «ከእንግዲህ ብቻዎን መኖር አይችሉም» የሚል ሐኪም ወይም ልጅ አለ። በዚህ ሂሳብ መጥሪያውን መጫን ከቤት የሚያስወጣ የመጀመሪያ እርምጃ ይመስላል። በቤታቸው እንዲቆዩ የተሰጣቸውን መሣሪያ በቤታቸው ለመቆየት ሲሉ አይነኩትም።

አረጋውያን ቴክኖሎጂ ይጠላሉ?

አይጠሉም። የፒው የምርምር ማዕከል እንዳስታወቀው አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ስማርት ስልክ የነበራቸው በ2012 ዓ.ም (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) 13 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በ2021 ቁጥሩ 61 በመቶ ደርሷል። እኛም ዘንድ ቢሆን ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ አያት ባሕር ማዶ ያለ የልጅ ልጃቸውን ፊት ለማየት ሲሉ በቫይበር ወይም በኢሞ ለመደወል አይቸገሩም። ማንበብ የማይችሉትም ቢሆኑ የልጃቸውን ፎቶ ፈልገው ይነካሉ።

ተመራማሪዎች ይህን ካጤኑት ቆይተዋል። አሜሪካዊው ፍሬድ ዴቪስ በ1989 ባሳተመው ጥናት ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን መቀበል አለመቀበሉ በሁለት እምነቶች እንደሚወሰን ጽፏል፤ «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» በሚሉት። ያ ጥናት የቢሮ ሠራተኞችን የሚመለከት ነበር። በ2014 ሴባስቲያን ፒክ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ስለ አረጋውያን የተጻፉ 16 ጥናታዊ ጽሑፎችን ሲመረምር ሁለቱ እምነቶች ብቻቸውን እንደማይበቁ ታየ። የአረጋውያን ውሳኔ የሚንጠለጠልባቸውን ነገሮች በስድስት ከፈሏቸው፦ ስለ መሣሪያው ያላቸው ስጋት፣ ማለትም ዋጋው፣ የግል ሕይወት መጋለጡና አጠቃቀሙ፤ የሚጠብቁት ጥቅም፤ «ያስፈልገኛል» ብለው ማመናቸው፤ ያለ መሣሪያው ሊረዳቸው የሚችል ሰው መኖሩ፤ የቤተሰብ፣ የወዳጅና የአስታማሚ ግፊት፤ በመጨረሻም በቤታቸው ለመኖር ያላቸው ፍላጎትን የመሰለ የራሳቸው ሁኔታ።

አራተኛውን ልብ ይሏል። አብሯቸው የሚኖር ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ያላቸው ሰው መሣሪያውን ቢተዉት አይፈረድባቸውም፤ ሰው ከዕቃ ይሻላቸዋል። ስለዚህ ልጅ «ለእማዬ ምን ልግዛላት?» ብላ ከመነሳቷ በፊት እናቷ በራሳቸው ዓይን ምን እንደጎደላቸው ማወቅ ይኖርባታል። ልጅ መውደቅን ትፈራለች፤ እናት የሚያሳስባቸው ግን የመድኃኒት ሰዓት መርሳት፣ የበር ደወል አለመስማት ወይም ቀኑን ሙሉ የሚያናግሩት ሰው ማጣት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የልጅን ፍርሃት ብቻ የሚያስታግስ ከሆነ እናት የሚያጠልቁበት ምክንያት የላቸውም።

ሳይጫኑት የሚሠራስ?

ሰው አልጫን ካለ ራሱ የሚጠራ መሣሪያ ይሠራ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ መጥቷልም። አፕል በ2018 ያወጣው ስማርት ሰዓት መውደቅን ራሱ ይለያል። በውስጡ ያሉት ሴንሰሮች የእጅን ድንገተኛ ፍጥነት፣ ከዚያም ግጭቱን ይለካሉ። ከባድ አወዳደቅ ካዩ ሰዓቱ ይነዝራል፣ ይጮኻል፤ ሰውየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሱ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ይደውላል። ሰዓት በመሆኑም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ወጣቱም ያጠልቀዋል።

ጉድለትም አለው። በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፤ ሌሊት ቻርጅ ላይ ካደረ ደግሞ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት ለሚነሳ ሰው አይጠቅምም። ከወንበር ቀስ ብሎ መንሸራተትን ወይም ግድግዳ ተደግፎ ቁልቁል መውረድን ላይለይ ይችላል፤ አረጋውያን ደግሞ እንዲህም ይወድቃሉ። የመውደቅ መለያዎች በአብዛኛው የተፈተሹት ፍራሽ ላይ ሆን ብለው በሚወድቁ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ነው፤ የ80 ዓመት ሰው አወዳደቅ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሌላው መንገድ ሰውነት ላይ ምንም አለማድረግ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ የፍሪጅ በር መከፈቱን የሚመዘግብ ሌላ ሴንሰር ይገጠማል። ጠዋት በተለመደው ሰዓት ምንም ካልተንቀሳቀሰ ለልጅ ስልክ መልእክት ይደርሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ብልሃተኛ የሚባለው ግን ጃፓን ውስጥ የተሠራ ማንቆርቆሪያ ነው። በ1996 ቶኪዮ ውስጥ አንዲት አሮጊትና ታማሚ ልጃቸው ማንም ሳያውቅ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ነገሩ አገሪቱን አሳዘነ። ከዚህ ተነስቶ ዞጂሩሺ የተባለው የቤት ዕቃ አምራች በ2001 አይፖት የሚባል የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ለገበያ አቀረበ። ማንቆርቆሪያው ሻይ የሚፈላበት ተራ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ግን መረጃ አስተላላፊ አለው። እናት ውኃ በቀዱ ቁጥር ይመዘግባል፤ ሌላ ከተማ ላለች ልጅም በቀን ሁለት ጊዜ በኢሜይል ያሳውቃል። ልጅ «ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ ጠጥተዋል» ብላ ታውቃለች፤ ውኃ ሳይቀዳ ከረፈደ ስልክ ትደውላለች።

አይፖት መሬት ላይ የወደቀን ሰው ወዲያው አያስነሳም፤ ከመጥሪያው ይዘገያል። የሚበልጠው በሌላ ነገር ነው። እናት የሚማሩት አዲስ ነገር የለም፣ አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት የለም፣ ጎረቤት አይቶ የሚያዝንበት ነገር የለም። መሣሪያው የገባው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደርጉት በኖሩት ነገር ውስጥ ነው። ሌሎች መሣሪያዎችም የሚመዘኑት በዚህ ነው፤ ከለመዱት ኑሮ ጋር የተዋሃደው ይቆያል፣ አዲስ ግዴታ ይዞ የመጣው ይጣላል።

ማን ምን ያያል?

ማንቆርቆሪያውም ቢሆን ጥያቄ ያስነሳል። ልጅ እናቷ ስንት ሰዓት ሻይ እንደጠጡ ማወቋን እናት ፈቅደዋል? ካሜራ ሲሆን ጥያቄው ይበረታል። ሳሎን ውስጥ ካሜራ ያለባቸው ሰው ሻሻቸውን ሳያስሩ መቀመጥ ሊከብዳቸው ይችላል፤ ጸሎት ሲያደርሱ መታየት የማይፈልጉም አሉ። የእንቅስቃሴ ሴንሰር ምስል ስለማያነሳ ከካሜራ ይልቅ ተቀባይነት ያገኛል። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ካሜራ ባይገባ ይመረጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለወላጅ አስቀድሞ በግልጽ መንገር ነው፤ ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሲፈልጉም እንዴት እንደሚያጠፉት። በስውር የተተከለ ካሜራ አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ልጅ የምታመጣው ዕቃ ሁሉ ይጠረጠራል።

መብራት ሲጠፋ፣ መስመር ሲለወጥ

እንግሊዝ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመጥሪያና መሰል አገልግሎት ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተሠሩት ለአሮጌው የመዳብ ስልክ መስመር ነበር። ያ መስመር ከስልክ ጣቢያው የራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚመጣለት የቤት መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አገሪቱ ግን ስልኩን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት መስመር እያዛወረች ነው፤ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በ2023 መጨረሻ መስመራቸው ተለውጦ መጥሪያቸው ሳይሠራ የቀረባቸው ሰዎች ላይ ከባድ አደጋ መድረሱ ሲታወቅ መንግሥት ጣልቃ ገባ፤ ለ2025 መጨረሻ ታቅዶ የነበረው መዝጊያም ወደ ጥር 2027 ተገፋ። የአገሪቱ የስልክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ በቤት ስልክ ብቻ ለሚተማመኑ ሰዎች መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያደርጉበት መላ እንዲኖር ይጠይቃል።

መብራት መጥፋት ብርቅ ላልሆነበት ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም። መሣሪያ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው። ቀጥሎ ዋይፋዩ ሲቋረጥ በሲም ካርድ ይሠራ እንደሆነ ይጠየቃል።

በአማርኛ የሚመልስ አለ?

በውጭ አገር ላሉ ወላጆቻችን አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለ። መጥሪያውን ተጭነው ከሣጥኑ የሚወጣው ድምፅ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ነው። ወለል ላይ ያሉ፣ የደነገጡ እናት «ምን ሆነዋል?» የሚለውን ጥያቄ ካልተረዱ ኦፕሬተሩ የሚገምተው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ አገልግሎቱን ሲመዘግቡ አስተርጓሚ እንዳለ መጠየቅ፣ መዝገባቸው ላይ «አማርኛ ተናጋሪ» የሚል እንዲጻፍና ልጃቸው ከሁሉ ቀድማ እንድትጠራ ማድረግ ያስፈልጋል።

በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት እንዲሰጡባቸው ከሚጠበቁት ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በአሜሪካ ብዙ የ911 የአደጋ ጥሪ ማዕከሎችም በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ያቀርባሉ። ወላጅ «አምሃሪክ» የሚለውን ቃልና የቤታቸውን ቁጥር በእንግሊዝኛ ማለት ከቻሉ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ይህን ቃል አሥር ጊዜ አብሮ መለማመድ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

ክፍያውም እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የመጥሪያ ክትትል በአብዛኛው በወር ከ20 እስከ 50 ዶላር ያስወጣል። የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው መደበኛው ሜዲኬር አይከፍልም፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሆነው ሜዲኬይድ ግን በብዙ ግዛቶች በቤት ለሚረዱ አረጋውያን ባለው ፕሮግራም ይሸፍናል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሕግ መሠረት መስፈርቱን ያሟሉ አረጋውያን ከአገሪቱ ብሔራዊ መድን ተቋም ከቢቱአህ ለኡሚ ከሚያገኟቸው አገልግሎቶች አንዱ የአደጋ መጥሪያ ነው።

በድምፅ የሚታዘዙት ስፒከሮች ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ብዙም አይጠቅሙም፤ ቋንቋውን አያውቁም። በአንጻሩ የጉግል የድምፅ መጻፊያ ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይቀበላል። መጻፍ የሚከብዳቸው ሰው እየተናገሩ መልእክት ሊልኩ ይችላሉ። ከዚህም የሚቀለው በቴሌግራምና በዋትሳፕ የሚላከው የድምፅ መልእክት ነው።

ወላጅ አገር ቤት፣ ልጅ ባሕር ማዶ

አዲስ አበባ ብቻቸውን ለሚኖሩ ወላጅ ከመጥሪያው ወዲያ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የጥሪ ማዕከል ኦፕሬተር አይደለም፤ ጎረቤት፣ የእህት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ዴንቨር ያለ ልጅ ስልክ ላይ አደጋ ቢያይ በሩን የሚከፍተው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀመረው ከሰው ነው። ቁልፍ ያለው ማነው? እሱ በሌለበት ማን አለ? ሁለቱ ሰዎች ኃላፊነቱን እያወቁ ተቀብለውታል?

ከዚያ በኋላ ቀላል ዕቃ ይበቃል። ባትሪው ለቀናት የሚቆይ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ፣ አንድ ቁጥር ረዘም አድርጎ በመጫን ለጎረቤት እንዲደውል ይሞላል፤ ስልኩ በገመድ ወገብ ላይ ይታሰራል ወይም ኪስ ውስጥ ይገባል። ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት ሚስኮል የማድረግ ስምምነትም ይሠራል። ሚስኮሉ ካልመጣ ልጅ ለጎረቤት ትደውላለች። አሠራሩ ከጃፓኑ ማንቆርቆሪያ ጋር አንድ ነው፤ ወጪው ግን ምንም ነው።

ስማርት ስልክ የያዙ ወላጆች ሌላ ፍርሃት አለባቸው፤ እሱም መታለል ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንደሚለው በ2023 ብቻ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በአጭበርባሪዎች 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደተወሰደባቸው አመልክተዋል። ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማንቀሳቀስ እኛም ዘንድ ስለተለመደ ለወላጅ አንድ ደንብ በደንብ ማስያዝ ይገባል፤ የሚስጥር ቁጥር በስልክ ለሚጠይቅ ሰው፣ ባንክ ነኝም ቢል፣ ቴሌ ነኝም ቢል፣ አይነገርም።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ

መጀመሪያ ይጠየቁ። «ብቻዎን ሲሆኑ የሚከብድዎ ምንድነው?» ተብለው የሚሰጡት መልስ የሚገዛውን ዕቃ ይወስናል። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቀርቦላቸው ራሳቸው ይምረጡ፤ አንገት ላይ ወይስ እጅ ላይ፣ ጥቁር ወይስ ነጭ የሚለው ጥያቄ እንኳ ዕቃውን የራሳቸው ያደርገዋል። የሚያስተምራቸው ሰው መሣሪያውን ከእጃቸው ነጥቆ አይንካ፤ ጣታቸው ራሱ ይንካ፤ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ፍርሃታቸው በስሙ ይጠራ። «መጥሪያውን ቢጫኑ የሚመጣው ጎረቤታችን ነው፤ ከቤት የሚያስወጣዎ የለም» የሚለውን ቃል ከልጃቸው አፍ ይስሙ፤ ልጅም ቃሏን ትጠብቅ። አንድ ጊዜ መጥሪያው ተጭኖ ወቀሳ ወይም ስለ መጦሪያ ቤት ወሬ ከተከተለ ሁለተኛ አይጫኑትም።

ሦስተኛ፣ መጥሪያው በየወሩ ይፈተሽ። የመጥሪያ አገልግሎቶች ደንበኞቻቸው ምንም ሳይሆኑም በወር አንዴ ተጭነው እንዲሞክሩት ይመክራሉ። ዓላማው ባትሪና መስመር መፈተሽ ነው፤ ለሰውየው ግን ከዚያ የበለጠ ይሠራል። ደህና ሳሉ ተጭነውት፣ ሰው በትሕትና መልሶላቸው፣ «ሙከራ ነው» ብለው ተሳስቀው የዘጉ እናት፣ ወድቀው ሳለ ማስቸገር አይመስላቸውም፤ ጣታቸውም መንገዱን ያውቀዋል። ሙከራው ወላጅና ልጅ አብረው ሊያደርጉት የሚገባ ነው፤ ከወሩ መጀመሪያ እሑድ ቡና በኋላ ቢሆን ደግሞ የሚረሳው የለም።